የድንጋዩ ድንኳን በ1፡20፦ የሞዴል ሥራ ማስታወሻ

ምን እየሠራሁ ነው

ደቡብ ምዕራብ ለንደን፣ ሞርትሌክ ውስጥ፣ በቅድስት ማርያም መግደላዊት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከድንጋይ የተሠራ ድንኳን አለ። ሪቻርድ በርተንና ሚስቱ ኢዛቤል ያረፉት እዚያ ውስጥ ነው። በርተን በ1855 እንደ አረብ ነጋዴ ለብሶ ተጉዞ ሐረር የገባው እንግሊዛዊ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ድንኳኑን ያሠራችው ግን ኢዛቤል ናት፣ ባሏ ከሞተ በኋላ።

የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን ስለ ሐረር ትንሽ ዐውደ ርዕይ ያዘጋጃል። የጀጎልን ግንብ ሌላ ወላጅ ይዞታል። እኔ ይህን መቃብር በ1፡20፣ ማለትም ሃያ ጊዜ አሳንሼ፣ በሞዴል ልሠራው መረጥኩ። ያደግሁት ጀጎል ውስጥ ስለሆነ የበርተንን ስም ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ። እዚህ አገር የተወለዱት ልጆቻችን ደግሞ በባቡር ሄደው በዓይናቸው ሊያዩት ይችላሉ። ከሞርትሌክ ባቡር ጣቢያ በእግር ይደረሳል።

በጀት፦ ከኮሚቴው 80 ፓውንድ። የሥራ ቦታ፦ የወጥ ቤት ጠረጴዛ፣ ማታ ማታ፣ እራት ከተነሣ በኋላ።

ልክ

ዋናዎቹን ልኮች ኢዛቤል ራሷ ጽፋቸዋለች። ቁመቱ 18 ጫማ፣ ወርዱ 12 ጫማ፣ ጥልቀቱም 12 ጫማ። በሜትር 5.49 ከፍታ፣ 3.66 በ3.66 ወለል ይሆናል። በ1፡20 ሲቀነስ 27.4 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ 18.3 ሴንቲ ሜትር ወርድ። መኪና ውስጥ ጭን ላይ ተይዞ የሚሄድ መጠን ነው። 1፡10 አስቤ ነበር፤ ጀሶው ብቻ ስንት ኪሎ እንደሚሆን ሳሰላው ተውኩት።

የቀረውን ከፎቶ ነው የማወጣው። ዱላ ላይ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ጥቁር ፕላስተር ጠመጠምኩና መቃብሩን ሳይነካ አጠገቡ አቁሜ አነሣሁ። ለዚህ መጀመሪያ ከቤተ ክርስቲያኑ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ በደስታ ፈቀዱ። ለሚሞክር ሰው፦ ቀትር ላይ አታንሡ። ብርሃኑ ከላይ ሲወርድ የድንጋዩ እጥፋት ይጠፋል፣ ግድግዳው ዝርግ ይመስላል። ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላ ከጎን ስትመታው እያንዳንዱ እጥፋት ጥላ ይጥላል። ያን ጊዜ ነው ድንጋይ መሆኑን ዓይን የሚረሳው።

ሥራውን የከበደ የሚያደርገውም ይሄው ነው። በጊዜው የነበረው የእንግሊዝ መቃብር ብዙው መልአክ፣ የተሰበረ ዓምድ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ማሰሮ ነው። ኢዛቤል ያሠራችው ሙሉ ድንኳን ነው፤ ግድግዳው በነፋስ እንደተነካ ሸራ ይታጠፋል። በርተን ከ1869 እስከ 1871 ደማስቆ ቆንስል ነበር፤ እዚያ ሳሉ ሁለቱም ድንኳን ለምደዋል። ሁለታችንም ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ብንተኛ ደስ ይለኛል ብሎ ነግሯት ነበር። እሷም ቃል በቃል ፈጸመችው።

ጊዜውን ስታዩት ደግሞ ይገርማል። በርተን ትሪየስቴ (ዛሬ ጣሊያን ውስጥ ያለች የወደብ ከተማ) ውስጥ የሞተው ጥቅምት 20 ቀን 1890 ነው። ሞርትሌክ የተቀበረው ሰኔ 15 ቀን 1891። በመሃል ያለው ስምንት ወር ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ የኖሩበትን ቤት ዕቃ ሰብስባ ለቅቃ፣ አስከሬኑን በመርከብ እንግሊዝ አስመጥታ፣ ገንዘብ አሰባስባ፣ ይህን አሠራች።

ጨርቁ፣ የመጀመሪያው ሙከራ

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ከፎም ቦርድ (በወረቀት የተሸፈነ ቀላል የስፖንጅ ሰሌዳ) አጽሙን እሠራለሁ፣ አቡጀዲ ጀሶ ውስጥ ነክሬ አለብሰዋለሁ፣ ሲደርቅ እጥፋቱ ራሱ ይመጣል።

አልመጣም። አቡጀዲ በዚህ መጠን ወፍራም ነው። ጨርቅ ሲያንስ አጣጣፉ አብሮ አያንስም። እውነተኛው ግድግዳ ላይ የክንድ ውፍረት ያለው እጥፋት በ1፡20 የክብሪት እንጨት ያህል መሆን አለበት። አቡጀዲው ግን የጣት ያህል እየሆነ ተኛ። ሽመናውም ይታያል። ከሩቅ ሲታይ ወንበር ላይ የተጣለ ፎጣ ነው የሚመስለው።

ቀጥሎ የቁስል ሻሽ ሞከርኩ። ቀጭን ነው፤ ግን ቀዳዳው በጀሶ አይሞላም፣ ሲሞላም እጥፋቱን ይደፍነዋል።

ወጪ እስካሁን፦ ፎም ቦርድ 6 ፓውንድ፣ ጀሶ 5 ኪሎ 11 ፓውንድ፣ ጨርቅ ቤት ከነበረው።

ጋሼ

ሰፈራችን ውስጥ ልብስ የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በወጣትነታቸው ወታደር ስለነበሩ ድንኳን ተክለውም ነቅለውም ያውቃሉ። ፎቶዎቹን ይዤ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩ።

«ልጄ፣ አንተ ጨርቁን እየጣልከው ነው» አሉኝ። «ድንኳን አይጣልም፣ ይወጠራል። እጥፉ የሚጀምረው ከሚሳብበት ቦታ ነው። እዚህ ላይ እየው፣ ከማዕዘኑ ይነሣል፣ ወደ መሃል ሲሄድ ይላላል። ታች መሬት ሲደርስ ደግሞ ይሰበሰባል። መጀመሪያ የሚሳብበትን ቦታ ፈልግ።»

ይህ ነገር ሥራውን ቀየረው። ፎቶዎቹን አትሜ በቀይ እስክሪብቶ ውጥረት ያለባቸውን ነጥቦች ምልክት አደረግሁ። ከየነጥቡ እጥፋቶቹ የሚሄዱበትን መስመር ሳብኩ። የቀረጹት ድንጋይ ጠራቢዎች ይህን በደንብ ያውቁ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። በዘፈቀደ የተጠረበ ሞገድ አይደለም። የተወጠረ ሸራ ነው።

ስነሣ ጋሼ አንድ ነገር ጨመሩ። «እኛ ጋ ድንኳን ለቅሶ ቤት ይተከልና በሦስተኛው ቀን ይነሣል። እኚህ ሴትዮ እንዳይነሣ አድርገው ተከሉት።»

ጨርቁ፣ ሁለተኛው ሙከራ

የሠራልኝ ሶፍት ነው። ተራ የአፍንጫ ሶፍት። ንብርብሩን ለያይቶ አንዱን ስስ ቅጠል መውሰድ ነው።

አሠራሩ፦ ነጩን የእንጨት ኮላ ከውሃ ጋር እኩል በእኩል መበጥበጥ። አጽሙ ላይ፣ ቀይ ነጥብ ባለበት ሁሉ፣ ትንሽ ስፒል መትከል። ሶፍቱን ከስፒል ስፒል ወጥሮ በለስላሳ ብሩሽ ማራስ። እርጥብ እያለ በጥርስ መፋቂያ ጀርባ እጥፋቱን እየገፉ ማስያዝ። ማድረቅ። ሁለተኛ ቅጠል መደረብ። ከሦስት በላይ ከተደረበ ዝርዝሩ መጥፋት ይጀምራል።

ፀጉር ማድረቂያ አይሆንም፤ ውጥረቱ እኩል ሳይደርቅ ይቀደዳል። በራሱ ሌሊቱን ይደር።

አራቱም ጎን ሲያልቅ ፎቶው አጠገብ አስቀምጬ አየሁት። ደስ አለኝ። ግን ይህ ወረቀት ነው። ልጆች ይነኩታል፤ ደግሞም እንዲነኩት እፈልጋለሁ። ስለዚህ ይህን ዋና ቅጂ አድርጌ በሲሊኮን (ሲደርቅ እንደ ጎማ በሚሆን ነገር) ፎርማ አውጥቼ፣ ፎርማው ውስጥ ጀሶ አፍስሼ ቅጂውን መጣል አለብኝ።

ፎርማ

ሲሊኮን ውድ ነው። አንድ ኪሎ 24 ፓውንድ። ለመቆጠብ አራቱን ጎን ለየብቻ ዝርግ አድርጌ ነው የማወጣው፤ ጣሪያውም እንዲሁ። ከዚያ ይገጣጠማሉ።

ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ ስፕሬይ ቫርኒሽ መንፋት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሲሊኮኑ ቃጫውን ይዞ ይነቅለዋል። ከዚያ ቫዝሊን በጣም ስስ አድርጎ መቀባት። የሲሊኮኑና የማጠንከሪያው ድብልቅ በክብደት 10 ለ 1 ነው፤ በዓይን ሳይሆን በወጥ ቤት ሚዛን ይመዘናል። ከከፍታ በቀጭኑ ማፍሰስ፣ አረፋው በመንገድ ላይ እንዲፈነዳ። መጀመሪያ በብሩሽ ስስ ሽፋን ቀብቶ ከዚያ ማፍሰስ የበለጠ ይሻላል፤ የእጥፋቱ ጥግ ውስጥ አየር አይቀርም።

ጀሶውን በተመለከተ፦ ውሃው ላይ ዱቄቱ ይበተናል እንጂ ዱቄቱ ላይ ውሃ አይፈስም። ውሃው ውስጥ ጥቁር ቡናማ ቀለም ቀድሜ በጥብጫለሁ፤ ሲፋቅ ነጭ እንዳይወጣ። ሳይበጠበጥ አንድ ደቂቃ ይጠጣ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ማማሰል። በኃይል ከተመታ አረፋ ይይዛል።

የፊት ለፊቱ ጎን ሲወጣ በሩ አጠገብ ተሰነጠቀ። ቦታው ስስ ነው። ቀጥሎ ከጀርባው የቁስል ሻሽ አስገብቼ ጣልኩት። ያ ለላይ ያልሆነው ሻሽ ለውስጥ ብረት ሆኖ አገለገለ። ጸና።

ከደረቀ በኋላ የድንጋዩን መጋጠሚያ መስመር በካተር ጫፍ ጫርኩ። ይህን መዝለል አይቻልም። እውነተኛው ድንኳን የተገነባው ከተጠረበ ድንጋይ ነው፤ መስመሩ እጥፋቱን አቋርጦ ያልፋል። አንዱ እጥፋት ከላይኛው ድንጋይ ወርዶ ታችኛው ላይ ሳይዛነፍ ይቀጥላል። የ1891 ሠራተኞች ይህን በአሸዋ ድንጋይ ሠርተውታል። እኔ በጀሶ እየሠራሁ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ቀለም

ድንጋዩ ፎረስት ኦፍ ዲን ከሚባለው የምዕራብ እንግሊዝ ደን አካባቢ የሚወጣ ጠቆር ያለ አሸዋ ድንጋይ ነው። ጌጡና ጽሑፉ ከነጭ የካራራ እብነ በረድ። አሁን ሲታይ የዘመን እድፍ አለበት።

ዛሬ እንዳለ ልቀባው ወይስ በ1891 እንደነበረው? የ1891ዱን መረጥኩ፣ ኢዛቤል ጨርሳ ያየችውን። እሷ በጻፈችው መሠረት አናቱ ላይ ዘጠኝ ጫፍ ያለው ወርቅ ቅብ ኮከብ ነበረ፤ የጣሪያውን ጠርዝ የሚዞረው ዘርፍም ወርቅ ቅብ ጨረቃና ኮከብ ነው። ከበሩ በላይ ደግሞ የነጭ እብነ በረድ ስቅለት።

አሠራር፦ መሠረቱ ግራጫ ቡናማ አክሪሊክ። ላዩ በጣም የቀጠነ ጥቁር፣ እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ እንዲቀር። ሲደርቅ በደረቅ ብሩሽ ነጣ ያለ ቀለም በጫፎቹ ላይ ብቻ። በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ የለም፤ የአሸዋ ድንጋይ ሸካራነት ያስፈልጋል።

ጨረቃና ኮከብ

ከናስ ሉህ በቀጭን መጋዝ ልቆርጥ ሞከርኩ። አራት ሚሊ ሜትር ጨረቃ በመጋዝ መቁረጥ የወርቅ ሠሪ ሥራ ነው። ምላጩ ተሰበረ፣ ጨረቃው ጠመመ።

መፍትሔውን ያመጣችው ባለቤቴ ናት። የጥፍር ማስዋቢያ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ወሰደችኝ። ትንንሽ ወርቃማ ጨረቃዎችና ኮከቦች፣ ከብረት የተሠሩ፣ በፓኮ 2 ፓውንድ። ልኩ ራሱ ነው። በወረንጦ እያነሣን አንድ ጨረቃ አንድ ኮከብ እያልን ዙሪያውን ለጠፍን። እሷ ከእኔ ይልቅ ቀጥ ያለ መስመር ትይዛለች።

ሥራውን ለማየት የመጣ ወላጅ መስቀልና ጨረቃ አንድ ላይ ስታደርግ ለምን አልተጠነቀቅህም ብሎ ጠየቀኝ። እኔ አልጨመርኩም፤ እንዲሁ ነው። ኢዛቤል አጥባቂ ካቶሊክ ነበረች። ባሏ ለአረቡ ዓለም ብዙ ዕድሜውን የሰጠ፣ እንደ ሙስሊም ተጓዥ ሆኖ በ1853 መካ የገባ ሰው ነው። በካቶሊክ ሥርዓት መቀበሩን ዘመዶቹና ወዳጆቹ አልወደዱላትም። እሷ የራሷን መስቀል በሩ ላይ አደረገች፣ የእሱን ዓለም ጣሪያው ዙሪያ አሰረች። አንዱን ለመጣል አልቻለችም ብዬ ነው የማምነው። ለሐረር ልጅ ደግሞ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ብርቅ አይደለም።

መጽሐፉ

በሩ ላይ ከነጭ እብነ በረድ የተሠራ የተከፈተ መጽሐፍ አለ። መቃብሩ ሲሠራ አንዱ ገጽ ላይ የእሱ ስምና ዘመን ተጻፈ። ሌላው ገጽ ባዶ ቀረ። የእሷ ነው። እሷ መጋቢት 1896 ስትሞት ተሞላ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ የቆምኩት። በ1891 ሁኔታ እሠራለሁ ካልኩ ገጹ ባዶ መሆን አለበት። ባዶ ካደረግሁት ደግሞ ልጆቹ እዚያ ሄደው የሚያዩት ሌላ ነው፤ የእሷም ስም ከሞዴሉ ይጠፋል። በመጨረሻ የቀኙን ገጽ ተነቃይ አደረግሁት። ሦስት ሚሊ ሜትር ማግኔት ከኋላ፣ ሌላ ማግኔት በሩ ውስጥ። አንዱ ገጽ ባዶ፣ አንዱ የተጻፈበት። ልጆቹ ራሳቸው ይቀይሩታል። ማግኔቱ ዋልታው ከተገለበጠ ገጹ ይገፈተራል፤ ከመለጠፉ በፊት በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ ነው።

ጽሑፉ በዚህ መጠን አይነበብም። ውሃ ውስጥ የሚለቅ ማተሚያ ወረቀት ላይ አትሜ ለጠፍኩት፤ መስመር መሆኑ ይታያል፣ ይበቃል።

ከመጽሐፉ ሥር ሐውልቱን ያቆሙለት የሚወዱት የአገሩ ሰዎች መሆናቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ አለ። እውነት ነው፣ ሰው ገንዘብ አዋጥቷል። ግን ሐሳቡ፣ ድካሙ፣ ቅርጹ የእሷ ነው። በራሷ ሥራ ላይ የራሷን እጅ አላስጻፈችም።

ውስጡ

በጀርባ በኩል መስኮት አለ፤ ትንሽ የብረት መሰላል ወጥቶ ውስጡን ማየት ይቻላል። መቃብሩ ከተጎዳ በኋላ በ1975 ታድሷል። ልጆቹ በጣም የሚወዱት በመስኮቱ ማየት እንደሚሆን ስለገመትኩ ሞዴሉም መስኮት አለው፤ መስታወቱ ከሸሚዝ ማሸጊያ ፕላስቲክ ነው።

ውስጥ ያለው፦ በጥቁርና ነጭ እብነ በረድ የተነጠፈ ወለል። የእሱ የሬሳ ሣጥን፣ ወርቅ ቅብ ጌጥ ያለው ብረት፣ በእብነ በረድ ማቆሚያ ላይ። ትይዩ ለእሷ ቀድሞ የተዘጋጀ ማቆሚያ፤ አሁን የእሷ ሣጥን አለበት። ከግርጌ መሠዊያ። ከጣሪያው የምሥራቅ ፋኖሶችና የግመል ቃጭል ተንጠልጥለዋል። እሷ በሕይወት እያለች ሞርትሌክ ትንሽ ቤት ይዛ እየመጣች አጠገቡ ትቀመጥ ነበር።

ወለሉን በፍርግርግ አትሜ በቫርኒሽ ሸፈንኩ። ሣጥኖቹ ከባልሳ እንጨት። ፋኖስ ማለት ባለቀለም ዶቃና ውስጡ የገባ ቢጫማ ኤልኢዲ፤ በ3 ቮልት የሰዓት ባትሪ ይሠራል። ሦስቱን በአንድ ባትሪ ሳበራ ቶሎ ደከመ። ባለሁለት ቀጭን ባትሪ ማቀፊያ ገዝቼ፣ ለእያንዳንዱ መብራት 100 ኦም ሬዚስተር (ኮረንቲውን የሚገታ) ጨምሬ አስተካከልኩ። ማብሪያ ማጥፊያው ከወለሉ ሥር ነው።

ቃጭሎቹ ከአምባር የተነቀሉ ናቸው፤ በናይለን ክር ተሰቅለዋል።

መሰላሉ ከ0.8 ሚሊ ሜትር የናስ ሽቦ። በካውያ ስበይደው አንዱን ደረጃ ሳጣብቅ የቀደመው ይለቃል። እርጥብ ሶፍት በተበየደው ላይ ጠቅልሎ የሚቀጥለውን መበየድ ነው መፍትሔው።

ወጪ

ጀሶ 11፣ ፎም ቦርድ 6፣ ሲሊኮን ሁለት ኪሎ 48፣ ቀለምና ቫርኒሽ 14፣ ጨረቃና ኮከብ 4፣ ማግኔት 3፣ ኤልኢዲ፣ ሬዚስተርና ባትሪ 9፣ ናስ ሽቦ፣ ሉህና ምላጭ 8፣ ባልሳ 4። ድምር 107 ፓውንድ። ከኮሚቴው 80፤ 27ቱ ከእኔ። ሲሊኮኑን በጣሪያው በኩል ቀጠን አድርጎ ከኋላው በጀሶ ቅርፊት መደገፍ ቢቻል ግማሹ ይድናል።

መግለጫው

ኮሚቴው ከሞዴሉ ፊት የሚቀመጠውን ካርድ «ሐረርን የጎበኘው የሪቻርድ በርተን መቃብር» ብሎ አዘጋጅቶ ነበር። አልተስማማሁም። በርተን ሐረር የቆየው አሥር ቀን ነው። ስለ ሐረር ቋንቋ መዝግቦ ያስቀረው ጠቃሚ ነው፤ ስለ ሕዝቡ የጻፈው ግን ብዙው ንቀት ነው። ልጆቻችን እሱን እንደ ጀግና እንዲያዩት አልፈልግም። ሞዴሉን የሠራሁት ለእሱም አይደለም። የሠራሁት የእሷን ሥራ ነው።

አንዲት እናት፣ ታሪክ የምታነብ፣ «ይቺ ጽሑፉን ያቃጠለችው አይደለችም?» አለች። ናት። ባሏ ሊጨርሰው የደረሰውን የትርጉም ሥራ 6,000 ጊኒ (የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ገንዘብ) ሊሰጣት የተዘጋጀ ሰው እያለ እሳት ውስጥ ከተተችው። ያሳዝናል፣ ትልቅ ጥፋትም ነው። ሰው ግን ስሟን ሲያነሣ ያቺን እሳት ብቻ ነው የሚያነሣው። ድንኳኑ የባሏ ተብሎ ይጠራል። ሁለቱም የእሷ እጅ ሥራ ናቸው፤ ካርዱ ላይ አንዱን ብቻ ለመጻፍ ቦታ አለኝ።

ተነጋግረን ይህን አጸደቅን፦ «ኢዛቤል በርተን በ1891 ለባሏ ለሪቻርድ ያሠራችው የድንጋይ ድንኳን። በ1896 እሷም አጠገቡ ተቀበረች። ሪቻርድ በ1855 ሐረር ውስጥ አሥር ቀን ቆይቷል። ሞርትሌክ፣ ለንደን።»

የቀረ

ሞዴሉን የሚይዝ ሣጥን ገና ነው፤ 35 በ25 በ25 ሴንቲ ሜትር፣ ውስጡ ስፖንጅ። የኮከቡ ማጣበቂያ ጠንካራ አይደለም፤ በሁለት ንጥረ ነገር ሙጫ እቀይረዋለሁ። የሲሊኮን ፎርማዎቹ ደህና ናቸው፣ ገና ብዙ ቅጂ ይጥላሉ። ሌላ የቅዳሜ ትምህርት ቤት የሚፈልግ ካለ ጀሶውን ይዞ ይምጣ፤ ፎርማውን አውሰዋለሁ፣ የመጀመሪያውን ጎን አብረን እንጥላለን።